ከብየዳው በፊት ልኬቱ፦ የኋላ አክስል ክንዶች የት ይተከሉ?



በየተርሙ ክፍል ውስጥ ሳይነሳ የማያልፍ አንድ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ይህ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ነገ ምን ይጠቅመናል?» ይላሉ ተማሪዎች። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ዛሬ ለእርሱ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመኪና ሥር ነው።

ሰዎችንና ጭነትን ከከተማ ወደ ካምፕ የሚያመላልስ አንድ መኪና ነበር። ባለቤቱ ብዙ ጭነት እንዲችልለትና በላጋው ድንጋይ ሆዱ እንዳይመታ ብሎ ከኋላ ከፍ አስደረገው። ረዘም ያለ ሞላ ተገባለት፤ አክስሉን የሚይዙት የብረት ጆሮዎችም በዓይን ግምት ተበየዱ። መኪናው ሲቆም ያማረ ነበር። ሲሄድ ግን ጀርባው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲያዝ ይወላገዳል፣ ሲነሳ ከሥር «ቋ» ይላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱ ጆሮ ተቀደደ፤ አክስሉም ተጠማዘዘ። ከላይ ከተሳፈሩት አንዷ እናት ክንዳቸው ተሰበረ። ሞት አልደረሰም፤ ይህም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለነበረ ብቻ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ላይ ያሉ ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ «መጥተህ እይልን» ብለው ጠሩኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም በሜትርና በጠመኔ አብረን ስንለካ ጥፋቱ የብየዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዋናው የልኬት ጥፋት መሆኑን አየን። ያየነውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ባሌስትራና ሞላ፦ ሥራቸው አንድ አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የኋላ አክስል ከሻንሲ ጋር የሚያያዝበት መንገድ በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም።

ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 የሚባለው፣ በድርጅቶችና በአምቡላንስ ሥራ በብዛት የምናየው ረጅሙ መኪና፣ ከኋላ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። ባሌስትራ ሦስት ሥራ ይሠራል። ክብደት ይሸከማል፤ አክስሉ ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደግራና ወደቀኝ እንዳይሄድ ይይዛል፤ አክስሉ በራሱ ዙሪያ እንዳይጠመዘዝም ይከላከላል።

ክብ ሞላ ግን አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። ክብደት ይሸከማል፤ አክስሉን ይዞ ማቆየት አይችልም። ስለዚህ ሞላ ያለው መኪና አክስሉን የሚይዙ የብረት ክንዶች ያስፈልጉታል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሊንክ ይባላሉ፤ እኛ እዚህ ክንድ እንበላቸው። የክንዱ አንዱ ጫፍ ሻንሲው ላይ፣ ሌላው ጫፍ አክስሉ ላይ በተበየደ ጆሮ ውስጥ በቡሎን ይታሰራል። በክንዱ ዓይን ውስጥ የጎማ ቡሽ፣ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ፣ ይገባል።

ሦስት የታወቁ ምሳሌዎችን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ላንድ ክሩዘር 80 ከኋላ ሁለት የታችኛ ክንዶች፣ ሁለት የላይኛ ክንዶችና አንድ አግድም ዘንግ አለው። የዚያው ዘመን ኒሳን ፓትሮልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ላንድ ሮቨር 110 ደግሞ ሁለት የታችኛ ክንዶች ሲኖሩት፣ ከላይ ያለው ሁለት እግሩ ሻንሲው ላይ፣ ጫፉ አክስሉ መሐል ላይ የሚያርፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንድ ነው። ይህ ሦስት ማዕዘን አክስሉን ወደጎን እንዳይሄድ ስለሚይዘው ላንድ ሮቨሩ አግድም ዘንግ አያስፈልገውም።

በክንዶቹ ላይ የሚያርፈው ጉልበት

ሞተሩ ጎማውን ሲያዞር ጎማው መሬቱን ወደኋላ ይገፋል፤ መሬቱም ጎማውን ወደፊት ይገፋል። ይህ ግፊት መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው በክንዶቹ በኩል አልፎ ነው። የታችኛው ክንድ ይጨመቃል፣ የላይኛው ይሳባል። ፍሬን ሲያዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ የታችኛው ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጆሮ በቀን ውስጥ በብዙ መቶ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል ማለት ነው። ብረት የሚሰበረው በአንድ ትልቅ ምት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ትንንሽ ምቶችም ይደክማል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የታችኛው ክንድ አክስሉ ላይ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ታስረዋል እንበል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። መሬቱ አክስሉን በ600 ኪሎ ጉልበት ወደፊት ቢገፋው፣ የታችኞቹ ክንዶች አንድ ላይ 1,200 ኪሎ፣ የላይኞቹ 600 ኪሎ ይሸከማሉ። የታችኛው ከራሱ ከግፊቱ እጥፍ ተሸከመ! ምክንያቱም ግፊቱ የሚመጣው ከመሬት፣ ከሁለቱም ክንዶች በታች ስለሆነ ነው፤ ልክ ረጅም እጀታ ባለው ቁልፍ ዳዶ እንደምናጠብቀው።

የላይኛውን ክንድ «ቦታ የለም» ብለን 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ብናስረውስ? መካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ያው 600 ኪሎ ግፊት አሁን የታችኞቹን 1,800 ኪሎ፣ የላይኞቹን 1,200 ኪሎ ያሸክማቸዋል። ሞተሩ አልተለወጠም፣ ጭነቱ አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ጆሮ የተበየደበት ቦታ ብቻ ነው፤ የላይኛው ክንድ ሸክም ግን እጥፍ ሆነ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ አክስሉ ላይ የላይኛውና የታችኛው ክንድ የሚታሰሩበት ርቀት ሰፊ ይሁን። በዚህ ሥራ የቆዩ ሰዎች በግምት የጎማውን ቁመት አንድ አራተኛ ይሰጡታል። 7.50 በ16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ አራተኛው 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በታች መውረድ አደጋ መጋበዝ ነው።

ከጎን ሲታይ፦ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ

መኪናውን ከጎኑ ቆመን እንየው። የላይኛውንና የታችኛውን ክንድ በወረቀት ላይ እንደ ሁለት መስመር እንሣላቸው፤ ከዚያ ወደፊት እናርዝማቸው። ትይዩ ካልሆኑ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አክስሉ በዚያች ቅጽበት የሚንቀሳቀሰው በዚያ ነጥብ ላይ የተተከለ አንድ ረጅም ክንድ ያለው ይመስል ነው። ነጥቡ በዓይን አይታይም፤ መኪናው ግን ይታዘዝለታል።

መኪና ሲነሳ ጀርባው ቁጭ እንደሚል ሁላችሁም አይታችኋል። ክንዶቹ በትክክል ከተዘነበሉ ይህን ቁጭ ማለት ይቀንሱታል። ምን ያህል እንደሚቀንሱት እንደሚከተለው ይለካል።

1. የኋላ ጎማ መሬት ከሚነካበት ቦታ ተነስተን በመገናኛው ነጥብ በኩል የሚያልፍ መስመር እናሠምራለን።
2. ያ መስመር በፊት አክስል ትክክል ላይ ሲደርስ ከመሬት ያለውን ከፍታ እናነባለን።
3. ያንን ከፍታ ለመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍታ እናካፍላለን።

እኩል ከሆኑ ውጤቱ 100 በመቶ ነው፤ የኋላ ጎማ ብቻ ሲነዳ ጀርባው አይቀመጥም፣ አይነሳምም። ከ100 በላይ ከሆነ መኪናው ሲነሳ ጀርባው ወደ ላይ ይዘላል፤ በዳገትና በድንጋይ ላይ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ እየያዘ ይንጠራራል። ፍሬን ሲያዝም የኋላ ጎማ መዝለል ይጀምራል።

በቁጥር እንየው። የታችኛው ክንድ አክስሉ ላይ 30፣ ሻንሲው ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። የላይኛው አክስሉ ላይ 60፣ ሻንሲው ላይ 55 ነው። ሁለቱም በአግድም ሲለኩ 100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አላቸው። የታችኛው በየ100 ሳንቲ ሜትሩ 5 ይወጣል፣ የላይኛው 5 ይወርዳል፤ ስለዚህ ከአክስሉ 300 ሳንቲ ሜትር ወደፊት፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይገናኛሉ። የላንድ ክሩዘር 80 የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 285 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመሬት የተነሳው መስመር በፊት አክስሉ ትክክል 42.75 ሳንቲ ሜትር ላይ ያልፋል። የክብደት ማዕከሉ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ብንል ውጤቱ 57 በመቶ ነው። ደግ ነው፤ ለጭነት መኪና የሚስማማ ነው።

አሁን ባለቤቱ «10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉልኝ» አለ እንበል። የአክስሉ ጫፎች ባሉበት ናቸው፤ የሻንሲው ጫፎች ግን በ10 ከፍ አሉ። የታችኛው አሁን ከ30 ወደ 45፣ የላይኛው ከ60 ወደ 65 ይወጣል። መገናኛቸው አሁንም በግምት 300 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ከፍታው ግን 75 ሆነ። በፊት አክስሉ ትክክል መስመሩ 71.25 ላይ ያልፋል። የክብደት ማዕከሉ 85 ሆኗል፤ ውጤቱ ወደ 84 በመቶ ወጣ። ማንም አንድም ጆሮ ሳይነካ የመኪናው ጠባይ ተለወጠ። ተጨማሪ ጭማሪ ቢደረግ 100ን ያልፋል።

የዲፈረንሻሉ አፍንጫ

ተማሪዎች የፒታጎራስን ሕግ እዚህ ጋ ያገኙታል። የታችኛው ክንድ 100 በአግድም፣ 5 በቁመት ነበር፤ ርዝመቱ 100.1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ቁመቱ 15 ሆነ። ክንዱ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። ስለዚህ አግድሙ ወደ 99 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የአክስሉ ታችኛው ክፍል 1 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ተሳበ ማለት ነው። የላይኛው ክንድ ግን ቀድሞ 5 ወደታች፣ አሁን 5 ወደላይ ስለሆነ አግድሙ አልተለወጠም። ከታች 1 ሳንቲ ሜትር ወደፊት፣ ከላይ ባለበት፤ መካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር፤ አክስሉ ወደ 2 ዲግሪ ዞረ። የዲፈረንሻሉ አፍንጫም ወደላይ ቀና አለ።

ሁለት ዲግሪ ምን ታመጣለች? ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ትራንስሚሲዮን በሁለት ጫፉ ክሮቼራ አለው። ክሮቼራ ሲታጠፍ ዙሩን እኩል አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የፊተኛው ክሮቼራ ያበላሸውን የኋለኛው የሚያስተካክለው የሁለቱ ማዕዘን እኩል ሲሆን ነው። ይህም የሚሆነው የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ ሲሆኑ ነው። ትይዩነቱ ሲጠፋ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራው ያልቃል፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ማተሚያ ያፈሳል። ብዙ ሰው ክሮቼራ ደጋግሞ ይለውጣል እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በምሳሌአችን የታችኞቹን ክንዶች በ1 ሳንቲ ሜትር ማርዘም አክስሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ አፍንጫውንም ያስተካክለዋል። የላይኞቹን በ1 ሳንቲ ሜትር ማሳጠርም አፍንጫውን ወደታች ይመልሳል፤ ነገር ግን አክስሉ ወደፊት እንደተሳበ ይቀራል።

አግድም ዘንግ

አራት ክንዶች ከላይ ሲታዩ ትይዩ ከሆኑ አክስሉን ወደግራና ወደቀኝ ከመሄድ አያግዱትም። ለዚህ የሚያገለግለው አግድም ዘንግ ነው፤ በመጽሐፍ ፓናርድ ይባላል። አንዱ ጫፉ በአንድ ጎን ሻንሲው ላይ፣ ሌላው ጫፉ በተቃራኒው ጎን አክስሉ ላይ ይታሰራል።

የዘንጉ ጫፍ ሲወጣና ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይደለም፤ እንደ በር እጀታ ክብ እየሠራ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢተከልና አክስሉ 10 ሳንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ፣ አክስሉ ወደጎን የሚሄደው 0.56 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ አይሰማም። መኪናው ከፍ ተደርጎ ዘንጉ አስቀድሞ በ10 ሳንቲ ሜትር ከተዘነበለ ግን የሚቀጥለው 10 ሳንቲ ሜትር አክስሉን ወደ 1.7 ሳንቲ ሜትር ወደጎን ይገፋዋል። ሦስት እጥፍ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጀርባው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የታመመው መኪና «ጀርባው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል» የተባለው ከዚህ የመጣ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛው ሕግ፦ አግድሙ ዘንግ በተቻለ መጠን ረጅም ይሁን፤ መኪናው በተለመደው ጭነቱ ቆሞ ሳለም ጠፍጣፋ ይሁን።

በመታጠፊያ ላይ የሚሆነው

መኪና ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ያጋድላል። በውጭ ጎን ሻንሲው ይወርዳል፣ በውስጥ ጎን ይነሳል። የታችኛው ክንድ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ በውጭ ጎን ያለው ክንድ ሲተኛ አክስሉን ወደኋላ ይገፋል፤ በውስጥ ጎን ያለው ሲቆም አክስሉን ወደፊት ይስባል። አክስሉ ራሱ ጥቂት መሪ ዞረ ማለት ነው፤ የዞረውም ጀርባውን ወደ ውጭ በሚወረውር አቅጣጫ ነው። ሾፌሩ መሪውን ሳይጨምር መኪናው የበለጠ ይታጠፋል። ደንግጦ ወደ ሌላው ወገን ሲመልስ ደግሞ በዚያ በኩል ይደገማል። ከላይ ሰውና ጆንያ የተጫነ መኪና የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ መመላለስ ነው።

ሦስተኛው ሕግ፦ የታችኛው ክንድ ወደ ጠፍጣፋ የተጠጋ ይሁን። መኪናው ከፍ ከተደረገ የሻንሲው ጆሮ ወደታች ይውረድ።

አሠራር በቅደም ተከተል

አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ለድስት ብቻ አይደለም። ብየዳ አንዴ ከተበየደ ማስለቀቁ ሻንሲውን መጉዳት ነው። ስለዚህ፦

1. መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቁም። በውሃ ልክ ይረጋገጥ። ጎማዎች በእኩል ነፋስ ይሞሉ። የተለመደው ጭነት ይጫንበትና ከጎማው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ ያለው ከፍታ በአራቱም ማዕዘን ተለክቶ ይጻፍ።

2. ከሻንሲው ነጥቦች ላይ ቱንቢ ወደ መሬት ይውረድ፣ ነጥቦቹ በጠመኔ ይመልከቱ። መኪናው የቆመበት መሬት የሥዕል ሰሌዳ ሆነ ማለት ነው። የመሐል መስመሩም ይሠመር።

3. ጎማዎች በታኮ ይያዙ። ሻንሲው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

4. ሞላዎቹ ይውጡና አክስሉ በተጻፈው ከፍታ ላይ ይደገፍ። ከሻንሲው የቀኝ ነጥብ እስከ አክስሉ ግራ፣ ከግራው ነጥብ እስከ አክስሉ ቀኝ በመስቀል ይለካ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አክስሉ ጠማማ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አይፈቀድ።

5. ሥዕሉ በወረቀት በልኩ ይሠራ፤ 1 ሳንቲ ሜትር ለ10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የመገናኛው ነጥብ፣ የአግድሙ ዘንግና የትራንስሚሲዮኑ ማዕዘን በወረቀቱ ላይ ይታዩ።

6. ባትሪው ይፈታ። የነዳጅ ጋኑና የፍሬን ቱቦው ከእሳት ይጠበቁ። ጆሮዎቹ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ።

7. አክስሉ በክሪክ እስከ ላይኛው መጨረሻ ይነሳ፣ እስከ ታችኛው ይውረድ፤ አንዱን ጎን ብቻ በማንሳትም ይሞከር። ክንዱ ከጋኑ፣ ከጭስ ማውጫው ወይም ከፍሬን ቱቦው የሚነካካ መሆኑ ይታይ።

8. ሁሉም ልክ ከሆነ ሙሉ ብየዳ ይደረግ። እያንዳንዱ ጆሮ ክንዱን ከግራና ከቀኝ የሚይዙ ሁለት ላሜራዎች ይኑሩት። በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ቡሎን ይታጠፋል። ጆሮው በቀጥታ በስሱ የሻንሲ ብረት ላይ አይበየድ፤ መጀመሪያ ሰፋ ያለ፣ ጥጉ የተድቦለቦለ ማጠናከሪያ ላሜራ ይግባ። ቡሎኑ ጆሮው ውስጥ የሚያርፈው በለስላሳው ክፍል ይሁን እንጂ በጥርሱ አይሁን።

9. የጎሚኒው ቡሎን የሚጠብቀው መኪናው መሬት ላይ በክብደቱ ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ይህ ስህተት በብዙ ጋራዥ የተለመደ ነው።

10. በብዙ ቶዮታዎች የኋላ ፍሬን ግፊት የሚቆጣጠር ቫልቭ በትንሽ ዘንግ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ስለዚህ የዘንጉ አያያዝ አብሮ ይስተካከል።

ለሾፌርና ለተሳፋሪ

ሁሉም ሰው ከመኪና ሥር አይገባም። ግን ሁሉም ሰው ይሳፈራል። የሚከተሉትን ምልክቶች ልብ በሉ። መኪናው ሲነሳና ፍሬን ሲያዝ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ፤ ከኋላ ሆኖ ሲታይ እንደ ውሻ ሩጫ ገደም እያለ የሚሄድ መኪና፤ አንደኛው የኋላ ጎማ ከሌላው ይልቅ ወደ መከለያው የተጠጋ መሆኑ፤ በጆሮው ሥር ዝገት የያዘ ስንጥቅ፤ የቡሎን ቀዳዳ ሞላላ መሆን። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ነገሩ ነገ የሚባል አይደለም። ለሾፌሩ መንገር ነውር አይደለም። ሾፌሩም ሲነገረው መቆጣት አይገባውም፤ የራሱም ነፍስ እዚያው ላይ ናትና።

ያንን መኪና እንደገና ስንሠራ ሁለት ቀን ሙሉ የለካነው ነበር፤ የበየድነው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ቀን «ይህ ሁሉ ጠመኔ ምንድን ነው?» ብሎ ተቆጥቶ ነበር። በመጨረሻም ከፍታውን ከ10 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር እንዲያወርደው መከርነው፤ ተቀበለ። መኪናው ዛሬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

በካምፑ በሙያ ማሠልጠኛ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ብየዳ እጅን ይጠይቃል፤ የት እንደሚበየድ ማወቅ ግን ትምህርት ይጠይቃል። ሻንጣ ባይኖራችሁም ይህን እውቀት የትም አገር ይዛችሁት ትገባላችሁ፤ ወደ አገር ቤት ስትመለሱም ድንበር ላይ የሚከለክለው የለም። በክፍል ውስጥ «ሦስት ማዕዘን ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም መልሴ ይኸው ነው። ከላይ የተሳፈሩት እናት ከነክንዳቸው ደህና ቤታቸው እንዲገቡ ይጠቅማል።